እናቴን «እታለም» ስላት

እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ድረስ እናቴን «እማዬ» ብዬ ጠርቻት አላውቅም። የምጠራት «እታለም» ብዬ ነበር፤ በእኛ አገር ሰው ታላቅ እህቱን እንደሚጠራው። «እማዬ» የምላት አጥር የምንጋራትን፣ ሞጣ ገበያ ዳር ጨርቅ የምትሸጠውን ሙስሊም ጎረቤታችንን ነው። ይህን ለማያውቀን ሰው ማስረዳት ያናድደኛል፤ ገና ከመጀመሬ «ውይ፣ እናትሽ ጥላሽ ሄዳ ነው?» ብሎ ከንፈሩን የሚመጥልኝ አይጠፋም። የትም አልሄደችም። ጡቷን ጠብቼ፣ በጀርባዋ ታዝዬ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደግሁት። ለጎረቤት የሰጠችው እናትነቷን ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ እንድተርፍላት ብላ። እንግዲህ እዚህ ላይም «እናቴ» ስል የወለደችኝን፣ «እማዬ» ስል ጨርቅ ሻጯን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሰላም ተወልዶ በሰላም አደገ። ከሱ በኋላ የመጡት ሦስቱ ግን አልቆሙላትም። አንዱ ሳያለቅስ ወጣ፣ ሁለቱ ደግሞ ዓይናቸው ሳይቀር ቢጫ ሆኖ በጥቂት ቀን ውስጥ አለፉ። ሰፈሩ ወዲያው «ሾተላይ ነው» አለ። ሾተላይ ማለት የእናቲቱን ልጅ እየተከተለ የሚበላ የማይታይ ጠላት ነው። መድኃኒቱም እሱን ማታለል ነው፤ ልጁ የሷ እንዳልሆነ ማስመሰል።

እኔ ስወለድ እማዬ ከሱቋ አዲስ አቡጀዲ ይዛ ገባች። እናቴ ፊቴን ሳታይ እማዬ ጠቀለለችኝና በጓሮ በር ይዛኝ ወጣች። አጥሩን ዞራ፣ በዋናው በር በኩል እንደ እንግዳ ቆማ፣ «ቤቶች! ልጄ ርቧታል፤ የምታጠባልኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁ» አለች። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «አምጫት፤ ላንቺ ስል ነው» ብላ መለሰች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬ ልጅ ሆንኩ።

ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሲያተኩሰኝ እናቴ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ልጅሽ አሟታል፣ ነይ እያት!» ትላለች። ክርስትና ስነሳ እማዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብላ ቅያሪ ልብሴን ይዛ ጠበቀችን። ለኢድ እሷ ቤት ስሄድ፣ በክርስቲያን እጅ የታረደች አንዲት ዶሮ ለብቻዋ በንጹሕ ድስት ተሠርታ ትጠብቀኝ ነበር። ልጆቿ በዚች ዶሮ ይቀኑብኝ ነበር፣ እኔም ሆን ብዬ እያጣጣምኩ አስቀናቸው ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ በተነሳነው ፎቶ ላይ መሀል ላይ እጄን ይዛ የቆመችው እማዬ ናት። እናቴ ዳር ላይ ነች፤ ለዘመድ ሠርግ የመጣች ትመስላለች።

ይህ ሁሉ ባልከፋኝ ነበር። የሚከፋኝ አንድ ነገር ነው። ወንድሜን «ልጄ» ትለዋለች። «ልጄ ብላ፣ ልጄ ልበስ፣ ልጄ ተመለስ።» እኔን ግን ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ ቶሎ ብላ «የሰው ልጅ ናት» ትላለች፤ ሾተላዩ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል። በልጅነቴ ማታ ማታ አጠገቧ ተኝቼ፣ ሁሉም ሰው ካንቀላፋ በኋላ አንዴ ትለኝ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ከልጅነቴ ጀምሮ ቂም የምይዝ ነኝ፤ ይህንን ያዝኩባት።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ጣታችንን ወግተን የደም ዓይነታችንን አየን። የኔ ኦ ኔጌቲቭ ሆነ። የዚያን ሳምንት ትምህርት ዛሬ እኔው ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የአባት ደም ፖዘቲቭ ሲሆን ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል። ሲወለድ ግን ጥቂት ደሙ ወደ እናቱ ይገባል፤ የእናትየው የሰውነት መከላከያም ያንን ባዕድ ደም ያውቀዋል፣ አይረሳውምም። ቀጥሎ የሚመጣውን ፖዘቲቭ ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ ደሙን ያፈርስበታል። ቢጫ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። የእናቱን ደም የወረሰ ልጅ ሲመጣ ግን የሚያፈርሰው ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እኔ በዚያ በኩል ነው ያለፍኩት።

የምሥራች እንደያዘ ሰው በመጀመሪያው መኪና ሞጣ ገባሁ። እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። ገና «ሾተላይ» ከማለቴ «ዝም በይ፣ ይሰማል!» ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ጠላት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ በጓሮ በር መውጣቴ እንዳላተረፈኝ፣ ደሜ እንደ ደሟ ስለሆነ ብቻ እንደተረፍኩ።

ምስሩን መልቀም አላቆመችም። «እነዚያስ?» አለችኝ።

«እነዚያ ያባቴን ደም ወርሰው ነው። ያንቺ ሰውነት ባዕድ መሰለውና…»

«እንዲያ ከሆነ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «ሾተላዩ እኔው ነኛ።»

እንዲህ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሷ ከምስሩ ውስጥ ድንጋይ እያወጣች ወደ ጎን ትጥላለች፣ እኔ እጇን አያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር ሁለታችንም አንስተን አናውቅም።

ተመርቄ ብቸና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ከሚያስተምር ሰው ጋር ተጋባን። ደሙን ያስመረመርኩት ከሽምግልናው በፊት ነው፤ ፖዘቲቭ ሆነ። ጓደኞቼ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አገሩ ሁሉ ፖዘቲቭ ነው» ብለው አሾፉብኝ፤ እኔም አገባሁት። የመጀመሪያው ፅንስ በሦስተኛ ወሩ ወረደ። እንዲህ ሲሆን የእናትየው ሰውነት የልጁን ደም እንዳያውቀው የሚያደርግ መርፌ አለ፤ በሦስት ቀን ውስጥ መወጋት አለብሽ ተባልኩ። በከተማው አልተገኘም። መንገዱ በጸጥታ ችግር በተዘጋበት ሳምንት ስለነበር ባሕር ዳር ሄዶ ማምጣትም አልተቻለም። ቀኑ አለፈ። ለወረደው ካለቀስኩት ይልቅ ለሚቀጥለው የፈራሁት ይብስ ነበር።

በዓመቱ እንደገና አረገዝኩ። ለእናቴ ስደውልላት «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ለራስሽም ቢሆን አትንገሪ።»

«ለራሴ እንዴት ነው የማልነግረው፣ እታለም?»

«ዝም በያ! አትቁጠሪው፣ አታውሪው፣ ሆድሽን አትዳብሺው።»

ከዚያም ጓዟን ጠቅልላ ብቸና መጣች። ወጥ ትሠራልኛለች፣ እግሬን ታጥባለች፣ ሆዴን ግን አታይም። ከፊቷ ስቆም ዓይኗን ከአንገቴ በላይ ታደርጋለች። ባለቤቴ «እናትሽ አንገትሽን ብቻ ነው የሚያውቁት» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ሆስፒታል ደሜን ቀድተው ወደ ባሕር ዳር ላኩት። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የወረደው ፅንስ ደሙን ትቶብኝ ሄዶ እንደሆነና ሰውነቴ ያንን ተምሮ እንደሆነ። ተምሮ ከሆነ የያዝኩት ልጅ የእናቴን ልጆች መንገድ ይሄዳል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሥራዬን መሥራት አቃተኝ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ይዤ ቆሜ እቀራለሁ፤ ልጆቹ «ቲቸር፣ ደህና ነሽ?» ይሉኛል። ቤት ስገባ በስልኬ ስለ እርግዝና ያልተነበበ አልቀረኝም። የፈለግሁት ስለ ደም ነበር፤ ያገኘሁት ግን የማስተምረው መጽሐፍ ላይ የሌለ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ፅንስ የማስበው እንደ ዕቃ ነበር፤ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ይዘሽ የምትዞሪው። እንደዚያ አይደለም። ገና የጤፍ ፍሬ ሳያክል፣ እናትየው ወሯ መቅረቱን እንኳ ሳታውቅ፣ እሱ መልእክት መላክ ይጀምራል። በደሟ ሆርሞን ይልካል፤ «መጥቻለሁ፣ የወር አበባሽን አቁሚው» ይላል። ቆመሽ የምትጠብቂው የሽንት ምርመራ የሚያነበውም ይህንኑ መልእክት ነው። ግማሹ የአባቱ ስለሆነ ለእናቱ መከላከያ ባዕድ ነው። ባዕድ ደግሞ ይባረራል፤ የመከላከያ ሥራው ይኸው ነው። ፅንሱ ግን ከሽፋኑ ላይ ለየት ያለ ምልክት አውጥቶ ያሳያል፣ የሚያለዝብ ነገር ይረጫል። በማኅፀን ዙሪያ ያሉ ጠባቂዎች፣ ስማቸው ሳይቀር «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት፣ አይገድሉትም። ጭራሽ የደም ሥሮቿን ያሰፉለታል፣ ምግቡ በደንብ እንዲደርሰው። ሁሉም ነገር ገና አልታወቀም፤ መልእክቱ ተልኮም የማይሰምርበት ጊዜ አለ፣ ለምን እንደሆነም ሐኪሞቹ ራሳቸው አጥርተው አይናገሩም። እኔ ግን ይህንን ሳነብ አለቀስኩ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሚጢጢ ነገር ስለ ራሱ እየተከራከረ ነበር፤ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ ነበር።

ውጤቱ በስልክ መጣ። ሰውነቴ አልተማረም። ሐኪሙ «ገና አላወቀውም፤ እንዳያውቀውም በሰባተኛው ወር አንድ መርፌ፣ ስትወልጂ ደግሞ አንድ» አለኝ። ባለቤቴ መንገዱ በተከፈተበት ሳምንት ባሕር ዳር ሄዶ ሁለቱንም መርፌ በረዶ በሞላበት ፔርሙዝ ይዞ መጣ። በየኬላው «ፔርሙዙ ውስጥ ምንድን ነው?» ሲሉት «የልጄ ነው» እያለ ነው የመጣው። አንደኛውን ተወጋሁ፣ ሁለተኛው ሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀመጠ።

የዚያኑ ሰሞን እናቴ በረንዳ ላይ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። በዚህኛው ጊዜ ስለ ደም አልጀመርኩም። ስለ መልእክቱ ጀመርኩ፤ ፅንሱ እንዴት እንደሚናገር፣ የእናት ገላ እንዴት እንደሚሰማው።

እንዝርቷን አላቆመችም። «እንግዲያ ደጅ አንኳኩቶ ነው የሚገባው በይኛ።»

«አዎ፣ አንኳኩቶ ነው።»

ክሩን በእንዝርቱ ጠቀለለች። «የኔዎቹስ? አንኳኩተው ነበር?»

«አንኳኩተዋል፣ እታለም። አንቺም ከፍተሽላቸዋል። ባትከፍቺላቸው ኖሮ ገና ሳታውቂያቸው በወሩ በወረዱ ነበር። ወራቸውን ሙሉ አቅፈሽ ያቆየሻቸው ያው ገላሽ ነው። ኋላ የተሳሳተው በደማቸው ነው፤ እሱንም አንቺን ሊጠብቅ ብሎ። የዛሬ መርፌ ቢኖር ኖሮ አይሳሳትም ነበር።»

እኔም ያነበብኩትን የመጨረሻውን ነገር ጨመርኩላት፤ ልጅ በማኅፀን ሳለ ከሰውነቱ ጥቃቅን ሕዋሳት ወደ እናቱ እንደሚያልፉ፣ ከወለደች ብዙ ዓመት በኋላም እሷ ውስጥ እየኖሩ እንደሚገኙ፣ ልጁ ቢሞት እንኳ።

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። «የት ጋ?» አለች።

«በደም ውስጥ፣ በጉበት፣ በልብ ላይ ሳይቀር የተገኘበት ጊዜ አለ።»

መፍተሏን ቀጠለች። እናቴ ስትፈትል ክር አይበጠስባትም፤ ያን ከሰዓት ግን ተበጠሰባት፣ ቀጠለችው፣ እንደገና ተበጠሰባት።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። የመውለጃዬ ወር ሲገባ «ያንቺ ትምህርት ያንቺ ይሁን» አለችኝ፤ «እኔ ደግሞ የኔን ላድርግ። እሷን አስመጥቻለሁ።» እማዬን ከሞጣ ማስጠራቷ ነው። ልጄን በጓሮ በር ልታስወስድብኝ! ጮህኩባት። ልጄ እኔን እታለም ሲለኝ አልኖርም፣ እኔ አንቺን የጠራሁበት ይበቃል፣ አልኩ። እናቴ ልብሷን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እማዬ በማግስቱ ምርኩዟን ይዛ፣ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ከሚኒባስ ወረደች። አርጅታለች። ለእኔም «ተያት እባክሽ፣ ፈርታ ነው» ብቻ አለችኝ።

ልጄ ብቸና ሆስፒታል በደህና ተወለደች። ሴት ናት። ደሟ ፖዘቲቭ ሆነ፣ ሁለተኛውን መርፌ በዚያው ቀን ተወጋሁ። ወደ ቤት ገባን። እናቴ ገንፎ ታገነፋለች፣ አጥሚት ታቀርባለች፣ ሕፃኗን ግን ዞር ብላ አታይም። እኔም እልኼን ይዤ አላባብላትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የልጄ ፊት ቢጫ አለ። ዓይኗም ትንሽ። ባለቤቴ ወዲያው ይዟት ሆስፒታል ሮጠ፣ እናቴም ተከተለችው፤ ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም። የሕፃኗን ደም አይተው፣ ብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ቀላል ቢጫ እንደሆነና ደጋግሜ እንዳጠባት ነግረው መለሷቸው። ወጣቱ ሐኪም «እናታችን፣ አይስጉ፤ ይሄ የሚያልፍ ነው» ብሏታል። የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። ቤት እንደገባች መደቡ ላይ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተጠቀለለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔን ስትወልድም እንዲህ ነበር የተኛችው ማለት ነው፤ ልጇን እንዳታይ፣ ያየችውን እንዳታጣ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። የማውቀውን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን ፈራሁ። ከሁሉም የባሰብኝ ያ ትከሻዋ ነው። ልጄን አንስቼ ለእማዬ ሰጠኋት። «ውሰጃት፣ እማዬ» አልኩ። «እንዳለችሽ አድርጊ።»

እማዬ ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች። ምርኩዟ በድንጋዩ ላይ ቀስ እያለ አጥሩን ሲዞር ይሰማኛል። መሀል ላይ ቆመ። ፀሐይ ላይ ልጄን እየገለጠች አይታት ኖሯል። ከዚያ እንደገና ተነሳ፣ የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ።

«ቤቶች!» አለች። ባለቤቴ ከፈተላት።

የሚጠበቀውን ቃል አላለችም። ቀጥ ብላ ወደ መደቡ ሄዳ ከእናቴ ጀርባ ቁጭ አለች።

«ተነሽ» አለቻት። «ይችን አልወስድም። እኔ አርጅቻለሁ፣ ለሷም መርፌው አለላት፣ እናቷም አለችላት። ያንቺን ሦስቱንም እነዚህ እጆቼ ናቸው የገነዙ፤ የሁለቱ ቢጫ እንዲህ አልነበረም። ይልቅ ያኔ የሰጠሽኝን ልጅ ተረከቢኝ። አሳድጌያታለሁ፣ ድሬያታለሁ፣ ወልዳ አይቻታለሁ። አደራዬን ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ልጅሽን ራስሽ ጠብቂ።»

ቢጫው ሐኪሙ እንዳለው ውሎ አድሮ ለቀቃት። ያን ጠዋት ግን ማንም ስለ ቢጫው አላሰበም። እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ያየችው ሕፃኗን አይደለም፤ እኔን ነው። እኔ አልጋው ላይ በቀሚስ ብቻ፣ ትከሻዬ ተራቁቶ፣ እንደ ተማሪ ቁጭ ብያለሁ።

«ልጄ» አለች። «ልጄ፣ ጀርባሽን ልበሽ እንጂ፤ ብርድ ይገባሻል።»

ጋቢውን ሳብኩና ለበስኩ። አፌን ስከፍት የመጣልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«እማዬ» አልኩ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ጨርቅ ሻጯ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ልጄን በእናቴ ጭን ላይ አስቀምጣ ምርኩዟን ፈለገች።

«አንቺን ነው» አለቻት።